አልመጡም ያልኳቸው አራት ቡሎኖች

ጡረታ ከወጣሁ አራተኛውን ወር ይዣለሁ፤ እስካሁን ግን መቀመጥ አልተማርኩም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ማንም ሳይቀሰቅሰኝ እነሣለሁ፣ ቱታዬን እፈልጋለሁ፣ ሳጣው ጡረተኛ መሆኔ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ቤቱን እዞራለሁ። ኪሴ ውስጥ አንበሳ ያለባት የንጉሡ ዘመን አሥር ሳንቲም አለች። በእሷ የፍሪጁን በር፣ የውሃውን ታንከር፣ አልፎ አልፎም የጎረቤታችንን መኪና ኮፈን እያንኳኳሁ ድምፁን አዳምጣለሁ። እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገችው ልጄ ሊዲያ ባለፈው ሰሞን ትዕግሥቷ አለቀ። "ባባ፣ ፕሊስ፣ ፍሪጁ ደህና ነው" አለችኝ። "ቁጭ በልና የሠራኸውን ጻፍ። አንዲካ ቱ።" ዝም ብለህ ጻፍ ማለቷ ነው። ደብተርም ገዝታ አመጣችልኝ።

ስሰናበት የሥራ ባልደረቦቼ የሸለሙኝ የግድግዳ ሰዓት ነው። ሥራ ለፈታ ሰው ሰዓት ምን እንደሚያደርግለት አላውቅም፤ ቢሆንም አመስግኜ ተቀብያለሁ። ስለ ደመወዜ አልጽፍም፣ አንብቦ የሚቀናብኝ አይኖርም። የምጽፈው ስለ አንድ አሮጌ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን፣ ስለ አራት ቡሎኖችና ሥራ ስላስተማሩኝ ሰው ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀር ግድ የለኝም።

ሙያዬ ላሜራ ነው። የአውሮፕላንን ቆዳ እቆርጣለሁ፣ እቀጠቅጣለሁ፣ ሪቬት በሚባል አጭር የብረት ምስማር አያይዛለሁ። ሞተር ሠሪ ሞተሩ የተነሣ ዕለት ይጨበጨብለታል። የላሜራ ሠሪ ሥራ ግን ካማረ ማንም አያየውም፤ የሚታየው ሲበላሽ ነው። ደብረ ዘይት አየር ኃይል ለሥልጠና ስገባ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። በዚያን ጊዜ ከስዊድን የመጡት ባለ አንድ ሞተር ቦምብ ጣዮች አርጅተው ከአገልግሎት ወጥተው ስለነበር ለሠልጣኝ መለማመጃ የሚሰጡት እነሱ ነበሩ። ያስተማሩኝም ሻምበል ባሻ ንጋቱ ይባላሉ። ሁላችንም "ባሻ" ነበር የምንላቸው።

ባሻ አጭርና ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ እጁን የሚታጠበው ሥራ ሲጨርስ ነው፤ እሳቸው ሥራ ሳይጀምሩም በሳሙና ይታጠባሉ። "የቆሸሸ እጅ አይሰማም" ይሉ ነበር። ከደረት ኪሳቸው ሦስት ነገሮች አይጠፉም፤ የጥርስ ሐኪም መስተዋት፣ አሥር ሳንቲምና ቀይ የሰም እርሳስ። በሳንቲሟ ቆዳውን ከዳር እስከ ዳር ያንኳኩታል። ሪቬቱ አጥብቆ በያዘበት ቦታ ድምፁ ጥርት ይላል፣ በላላበት ይታፈናል። በመስተዋቷ ዓይን የማይደርስበትን ጥግ ያያሉ። ስንጥቅ ካገኙ በቀዩ እርሳስ ይከቡትና ከጎኑ ቀኑንና የራሳቸውን ስም ይጽፋሉ። ጥፋቱ የሌላ ሰው ቢሆንም ስሙ የእሳቸው ነው። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው "ባለቤቱ ያየው ሰው ነው" አሉኝ።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ጥያቄያቸው ነበር። ከአውሮፕላኑ ሆድ ተስቤ ስወጣ በር ላይ ይጠብቁኝና "ምን አየህ?" ይላሉ። "ምን ይመስልሃል?" ብለው አያውቁም። "ደህና ይመስለኛል" ያለ ሠልጣኝ ተመልሶ ይገባል። አንድ ቀን አራት ጊዜ አመላለሱኝ፤ በአራተኛው ላቤን እየጠረግሁ "አቧራ፣ አንድ የሞተ አይጥና አናታቸው የተበላ ሁለት ሪቬቶች" ብላቸው ሳቁ። ስመረቅ ሳንቲሟን ለእኔ ሰጡኝና ለራሳቸው ሌላ ያዙ። ዛሬ ፍሪጁን የማንኳኳው በእሷ ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ አለቆችም ተለወጡ። ድሮ አለቃ ማለት ከአንተ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ አሁን የአውሮፕላን አፍንጫና ጅራት በቅጡ የማይለይ ካድሬ ከእኛ ጋር በአውሮፕላን መጠገኛው ሃንጋር ውስጥ መዋል ጀመረ። ጦርነት ስለነበር አውሮፕላን ቆሞ መዋሉ ወንጀል ሆነ። "ይህ አውሮፕላን መብረር አይችልም" ብሎ የጻፈ ሰው አሻጥረኛ ይባላል፤ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። እኛም ዘዴ አበጀን። አውሮፕላኑ ላይ ሕመም ከተገኘ መዝገብ ላይ አይጻፍም። ለተረካቢው ፈረቃ በቃል ይነገራል፣ ተረካቢው ለበላይ "ዕቃ አልመጣም" ይላል። ጎማ አልመጣም፣ ቱቦ አልመጣም፣ ማጣሪያ አልመጣም። የዕቃ አለመምጣት የማንም ጥፋት አይደለም። እኛም አብራሪዎቹም ነገሩ ይገባናል፤ የማይገባው ካድሬው ብቻ ነበር። በዚህ ዘዴ የስንት ሰው ነፍስ እንደተረፈ እግዚአብሔር ይወቀው። ባሻም በዚያ ዘመን ቀዩን እርሳስ መያዝ ትተው ነበር። ኪሳቸው ውስጥ አለመኖሩን አይቻለሁ፤ አልቆባቸው ነው ብዬ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።

በምሥራቅ በኩል ወደ ነበረ አንድ ጊዜያዊ የአውሮፕላን ማረፊያ ተመደብን፣ ባሻ የጥገናው ኃላፊ፣ እኔ የቀን ፈረቃ ሠራተኛ። አንድ ረቡዕ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በአንዲት ዕቃ ጫኝ አውሮፕላን የፊት እግር መያዣ ብረት ላይ ስንጥቅ አየሁ። የፀጉር ያህል ነው። ሁለት ጊዜ በመስተዋት አየሁት። መዝገቡም እስክሪብቶውም በእጄ ነበሩ። አልጻፍኩም። እንደ ልማዳችን ለተረካቢው ልነግር ጠበቅሁ። ረቡዕ የውይይት ክበብ ቀን ስለነበር ተረካቢው ፈረቃ በሙሉ ስብሰባ ተጠርቶ ኖሯል። ወደ ሰፈር የሚወስደን መኪና ጥሩምባውን ሲነፋ "ነገ በጧት እነግራቸዋለሁ" ብዬ ተሳፈርኩ።

በማግሥቱ ስደርስ አውሮፕላኗ የለችም፤ ጎሕ ሲቀድ ተነሥታለች። እስከ ቀትር ሰማይ ሰማይ እያየሁ ቆየሁ። ተመልሳ ስታርፍ የፊት እግሯ ታጠፈ፣ አፍንጫዋ መሬቱን እያረሰ ሄደና ተገለበጠች። አብራሪዎቹ ቆስለው ተረፉ። የበረራ ቴክኒሺያኑ አሥር አለቃ ታምሩ ሞተ። ታምሩ የክፍል ጓደኛዬ ነበር፤ የዚያን ጧት እኔ ተኝቼ ሳለ፣ ለብርዱ የእኔን ሹራብ ለብሶ ነበር የሄደው።

መርማሪዎች መጡ። መዝገቡን ገለበጡት፣ ምንም የተጻፈ ነገር የለም። ኃላፊው ባሻ ስለነበሩ እሳቸውን ወሰዷቸው። እኛ በረድፍ ተሰልፈን ነበር። በፊቴ ሲያልፉ ቆም አሉና ቀስ ብለው "ምን አየህ?" አሉኝ።

"ምንም" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና መኪናው ላይ ወጡ። ፈርቼ ነው። ሰበብ ብደረድር ራሴን ማታለል ይሆናል። ከዚያች ቀን ወዲህ እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ አለ፤ ዓመት ሳይሞላ ፈቃድ ወስጄ በወጣሁበት በሞያሌ በኩል ድንበሩን አቋርጬ ናይሮቢ ገባሁ።

ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር ውስጥ አደም የሚባል የወሎ ሰው ከሱቁ ጀርባ ያለች ክፍል አከራየኝ። ከሞያሌ ጨርቅ የሚያመላልስ፣ ሶላቱን የማያጓድል፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። እንደማልቀመጥ ያየው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። "ወርቁ፣ አንተ ሰውዬ ስትሄድ ነው እንዴ የምታርፈው?" ይለኛል። እውነቱን ነው። የሥራ ፈቃድ የለኝም፤ ፖሊስ "ኪፓንዴ ዋፒ?" ብሎ መታወቂያ በጠየቀ ቁጥር የስደተኛ ወረቀቴን እያወጣሁ እለማመጣለሁ። ቀን ቀን ማታቱ በሚሏቸው ሁለት ታክሲዎች ተሳፍሬ ላንጋታ መንገድ ላይ ወዳለችው ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ እሄድና አጥሩን ይዤ ትናንሾቹ አውሮፕላኖች ሲነሡና ሲያርፉ አያለሁ። የሌላ ሰው ቤት በመስኮት እንደሚያይ ሰው አፍራለሁ፣ በማግሥቱ ግን ተመልሼ እሄዳለሁ።

አንድ ቅዳሜ ፀጉራቸው የነጣ ስምንት ሰዎች አንድ ክንፍ ተሸክመው በአጥሩ አጠገብ ሲያልፉ አየሁ። ክንፉን የያዙት ተገልብጦ ነው፤ ጥቂት እርምጃ ቢሄዱ ጠርዙ ይታጠፋል። ሳላስበው ጮኼ አስቆምኳቸው። እንግሊዝኛዬ ስላልበቃ በእጄ አሳየኋቸው። ከመካከላቸው ረጅሙ ሽማግሌ አጥሩ ድረስ መጥቶ አየኝና ዘበኛውን በሩን እንዲከፍትልኝ አዘዘው። ሚስተር ኮሊንስ የሚባል የላቪንግተን ሰፈር ነዋሪ ፈረንጅ ነበር። በወጣትነቱ፣ ጣልያን ከአገራችን በወጣበት ጦርነት ጊዜ፣ ከዚሁ ከኬንያ እየተነሣ በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ መንገድ መሪ ሆኖ በርሯል። ያው ዓይነቱ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ለአርባ ዓመት ያህል አንድ ግቢ ውስጥ ዝናብ ሲመታውና ዶሮ ሲያድርበት ኖሮ አሁን በቁርጥራጭ ወደ ሃንጋር ገብቷል። እነዚህ ሰዎች በየቅዳሜው እየመጡ ሊያድኑት ተነሥተዋል።

ስንት ይከፈላችኋል ብዬ ጠየቅሁ። ምንም፣ በፈቃዳችን ነው አሉኝ። ከት ብዬ ሳቅሁ። እኔ በመጣሁበት አገር "በፈቃድ" የሚባለውን አውቀዋለሁ። ለእናት አገር በፈቃዳችሁ ስጡ ይባልና ከወር ደመወዝህ ተቆርጦ ታገኘዋለህ፤ ለዘመቻ በፈቃዳችሁ ውጡ ይባልና የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል። የእነዚህንም ስም የሚይዘው ማን እንደሆነ ለአንድ ወር ያህል በዓይኔ ስፈልግ ቆየሁ። አንዱ የጥርስ ሐኪም ነው፣ አንዷ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፣ አንዱ ከፓርክላንድስ ሰፈር የሚመጣ፣ ቶርኖ ያለው፣ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ ሕንዳዊ ነው። ባልመጡ ቅዳሜ የሚቆጣቸው የለም። አሥር ሰዓት ሲሞላ ሥራው ሁሉ ይቆምና ሻይ ይጠጣል። ይህን ስረዳ የተሰማኝ ደስታ ይሁን ቅናት እንጃ።

ከሁሉም የሙያ ፈቃድ ያለው የአውሮፕላን ቴክኒሺያን ካማው ብቻ ነበር። በሌላው ቀን የሚውለው ደመወዝ በሚከፍለው ሌላ ሃንጋር ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ ግን ከእኛ ጋር ነው። ሥራችንን አይቶ የሚፈርመው እሱ ነው፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱንም ቁልፍ የያዘው እሱ ነው። ሥራ አሳምሮ የሚያውቅ፣ ለቀልድ የማይመች ሰው ነው። በመጀመሪያ በጥርጣሬ አየኝ። የክንፉን ቆዳ በሳንቲሜ አንኳኩቼ የላሉ ሪቬቶችን በጠመኔ ሳመለክትለት ሳንቲሟን ተቀብሎ ራሱ ሞከረና መልሶ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲያ የላሜራው ሥራ የእኔ ሆነ። እኔ እሠራለሁ፣ እሱ ይፈርማል።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራን። በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ አውሮፕላኑ መልክ ያዘ፣ ሞተሮቹም ተነሡ። በማረፊያዋ የአየር ትርዒት ሊደረግ ሰባት ሳምንት ሲቀረው ሚስተር ኮሊንስ በዚያ ቀን እንደሚያበርሩት ነገረን። ከጡረታ የተመለሰ አብራሪ ተገኝቷል፣ እሱ ራሱ በመንገድ መሪው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሚስቱ ሞታለች፣ ልቡም ይታመም ነበር፤ ከቅዳሜ ሌላ ቀን ያለው አይመስልም። ለእኔ ደግሞ ለብቻዬ ጠርቶ ሌላ ነገር ነገረኝ። ከትርዒቱ በኋላ የሥራ ፈቃድ እንዲሰጠኝ በስሙ ደብዳቤ ይጽፍልኛል፤ የሚቀጥረኝ ሃንጋርም አነጋግሯል። ያን ዕለት ወደ ኢስሊ ስመለስ ማታቱ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ ስል አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ክንፉን ከአካሉ የሚያያይዙትን አሮጌ ቡሎኖች አወጣሁ። አራት ናቸው፤ የአውሮፕላኑ ክብደት በሰማይ ላይ የሚንጠለጠለው በእነሱ ነው። ሦስቱ በሰላም ወጡ። አራተኛው ዝጎ ተጣብቆ ስለነበር ዘይት እያጠጣሁ በመዶሻ መታሁት። ሲወጣ ጉድጓዱን በመስተዋት አየሁ። ከጉድጓዱ ጠርዝ አንዲት ስንጥቅ ተነሥታ ወደ ታች ወርዳለች። የፀጉር ያህል። በጦርነቱ ጊዜ የመጣች ትሁን በእኔ መዶሻ አላውቅም፣ ዛሬም አላውቅም። ታምሩ ሹራቤን ለብሶ ሲሄድ በዓይኔ መጣ።

ብናገር የሚሆነውን አሰብኩ። አውሮፕላኑ አይበርም። የሥራ ፈቃድ የሌለው ሐበሻ በመዶሻ ሰበረው ይባላል። ካማው ሥራዬን አይቶ የሚፈርም ሰው ስለሆነ እሱም ይነካል። ደብዳቤው ይቀራል። ባልናገር ደግሞ ሽማግሌውና አብራሪው ይሞታሉ። ሁለቱንም መሸከም አቃተኝና እጄ የለመደውን አደረገ። ካማው አስመጥቶ መዝግቦ ያስቀመጣቸውን አራት አዲስ ቡሎኖች ለሥራ ከከፈተው ግምጃ ቤት አውጥቼ በምሳ ዕቃዬ ይዤ ወጣሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ "ቡሎኖቹ የሉም፣ ዕቃ አልመጣም" አልኩ።

አገር ቤት ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ሁሉም ሰው ያንን ቃል ሰምቶ አንገቱን ይደፋል፣ አውሮፕላኑ ቆሞ ይከርማል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። እኔም አንገታቸውን እስኪደፉ ጠበቅሁ። እነዚህ ፈቃደኞች ግን ሻያቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ተነሡ። የጥርስ ሐኪሙ የአውሮፕላኑን የቴክኒክ ሥዕል ገለበጠ፣ አስተማሪዋ ስልክ ልትደውል ሮጠች፣ ሲኩ ልኩን በወረቀት ጽፎ ኪሱ ከተተ። በሳምንቱ አራት ቡሎኖች ከምርጥ ብረት በቶርኖ ወጥተው፣ በዘይት ወረቀት ተጠቅልለው፣ ከመመርመሪያ ወረቀታቸው ጋር ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አሉ። ሁሉም አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ።

ከጭብጨባው በኋላ ሚስተር ኮሊንስ ካማውን ወደ ጎን ጠራው። የቀድሞዎቹ ቡሎኖች መምጣታቸው በመዝገብ ላይ አለ፤ ስለዚህ ጠፍተዋል ማለት ነው። ሌባ ብሎ የተናገረው የለም። ሚስተር ኮሊንስ "ለጊዜው ቁልፉ እኔ ጋ ቢሆን" አለውና እጁን ዘረጋ፣ ፈገግ እያለ። ካማው ቁልፉን ከቀለበቱ ለማውጣት ጊዜ ወሰደበት። ሰጠውና እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ያልቆሸሸ እጁን። እኔ ከአምስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሜ ነበር። ባሻ መኪናው ላይ ሲወጡ የቆምኩት ልክ እንዲሁ ነው።

ያን ሳምንት እንቅልፍም ምግብም አልነበረኝም። ቡሎኖቹን በካልሲ ጠቅልዬ ፍራሽ ሥር አድርጌያቸዋለሁ፤ ጀርባዬን ይወጉኛል። ዓርብ ከሰዓት አደም ከመስጊድ ሲመለስ በግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስል አገኘኝና እጄን ይዞ ሱቁ ደፍ ላይ አስቀመጠኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ቡሎኖቹ፣ ስለ ስንጥቁ፣ ስለ ባሻም።

"ደብዳቤው ቢቀርብህ ትኖራለህ" አለኝ። "እስካሁንስ በምን ኖርክ? ኬንያዊው ግን በአንተ የተነሣ አንገቱን ደፍቶ ይኑር? ሻውሪ ያኮ፣ ወንድሜ። እኔ አንተን ብሆን ዛሬውኑ እሄድ ነበር።" ሻውሪ ያኮ፣ የራስህ ጉዳይ ነው ማለቱ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ለደንበኛ ጨርቅ ሊለካ ገባ።

በማግሥቱ ጧት ዌስትላንድስ ወርጄ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ቀይ የሰም እርሳስ ገዛሁ። ሃንጋር ስደርስ እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ክንፉ ሥር ገብቼ ስንጥቋን ከበብኳት፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ ስሜን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍኩ። አሥር ሰዓት ሆኖ ሁሉም ለሻይ ሲሰበሰብ ካልሲውን ጠረጴዛው ላይ፣ ከብስኩቱ አጠገብ፣ ፈታሁት።

"የሰረቅሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "ካማው አይደለም። ክንፉ ተሰንጥቋል።"

ካማው ከማንም ቀድሞ ተነሣ። መስተዋቴን ተቀብሎ ክንፉ ሥር ገባና ረጅም ጊዜ ቆየ። ሲወጣ እኔን ሳያይ ለሚስተር ኮሊንስ "ኢኮ" አለው። ስንጥቁ አለ ማለቱ ነው። ሚስተር ኮሊንስ ስኒውን አስቀመጠ። ለምን እንዳልነገርኩት፣ ለምን ቡሎን እንደደበቅሁ ጠየቀኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ በአገሬ አውሮፕላን ሲታመም ዕቃ አልመጣም እንደምንል፣ ሰውም እንደሚገባው አስረዳሁት።

ሽማግሌው ግራ ገብቶት ጥቂት አየኝ። "እዚህ ግን" አለ፣ "ዕቃ አልመጣም ያለን ሰው ዕቃ እንድንፈልግለት የፈለገ ነው የሚመስለን።"

ኮቴን አንሥቼ ወጣሁ።

አውሮፕላኑ አልበረረም። ያንን የተሰነጠቀ ብረት ዳግም የሚሠራ በዓለም ላይ አልተገኘም። በትርዒቱ ቀን ጎማዎቹ ሥር እንጨት ተደርጎ ሞተሮቹ ብቻ ተነሡ። እኔ ተመልሼ አጥሩን ይዤ ነበር። ሚስተር ኮሊንስ አሮጌ ቆብ አድርጎ በመንገድ መሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ካርታ ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ የትም በማይሄድ አውሮፕላን ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ። ሲወርድ ሁለት ሰዎች ደገፉት፤ ፊቱን በመሐረብ ሸፍኖ ነበር። አዘንኩለት፣ እስከ ዛሬም አዝንለታለሁ። ደብዳቤውን አልጻፈልኝም። የታመነ ሰው ነው ብሎ መጻፍ እንደማይችል በሰው ላከብኝ፤ እውነቱን ነው። ከዓመት በኋላ በእንቅልፉ እንዳለ ማረፉን ሰማሁ።

ካማው ቁልፉ ተመልሶለታል፤ እኔን ግን ሁለት ወር ያህል አላነጋገረኝም። ከዚያ አንድ ሰኞ ኢስሊ ድረስ መጥቶ ቱታህን ያዝ አለኝና ወደሚሠራበት ሃንጋር ወሰደኝ። ለአለቃው ያለውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። "ይህ ሰውዬ ሌባ ነው" አለው። "ነገር ግን ያየው ነገር ላይ ስሙን ይጽፋል።" አለቃው ሳቀ። የሥራ ፈቃዱ እስኪወጣ ጊዜ ፈጀ፣ ብዙ ቢሮ ተመላለስን፤ እኔም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከዚያ ሃንጋር አልወጣሁም። ፈተናዬን አልፌ በስሜ መፈረም ስጀምር የመጀመሪያውን ፊርማዬን ከጎኔ ቆሞ ያየው ካማው ነው።

ደርግ ሲወድቅ አደም ለሸቀጥ አዲስ አበባ መመላለስ ጀመረ። ራሴ መሄድ ስላፈርኩ ደብረ ዘይት ጎራ ብሎ ባሻ በሕይወት መኖራቸውን እንዲጠይቅልኝ ለመንኩት። ከእስር ወጥተዋል፣ ቤታቸው ናቸው አለኝና አጣጥፈው የሰጡትን ደብዳቤ አቀበለኝ። ሃንጋር ውስጥ፣ ክንፍ ሥር ቁጭ ብዬ አነበብኩት።

"ልጄ ወርቁ፣ በሰላም መኖርህን ሰምቼ ተመስገን አልኩ። ሳልሞት አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ያቺ ታምሩ የሞተባት አውሮፕላን ስንጥቋን በዚያ ረቡዕ ጧት እኔ አይቻት ነበር። እርሳሱ ቤቴ ነበር። አልጻፍኩም፤ ለማታው ፈረቃ በቃል ልነግር አስቤ ስብሰባው አዘገየኝ። ሲወስዱኝ ምን አየህ ያልኩህ ሌላ ያየ ሰው መኖሩን ላውቅ ፈልጌ ነው። ምንም አልከኝ። እስር ቤት ሳለሁ ጥፋቱ የእኔ ብቻ መሆኑ ቢከብደኝም፣ ያስተማርኩት ልጅ ንጹሕ ነው እያልኩ በዚያ እጽናና ነበር።"

ሦስት ቀን ወዲያና ወዲህ አልኩ። አንድ የቀራቸውን መጽናኛ ልወስድባቸው ነው፤ ካልወሰድኩባቸው ደግሞ ጥፋቱን ብቻቸውን እንደያዙት ይሞታሉ። በአራተኛው ቀን እጄን ታጥቤ ጻፍኩ። "ባሻ፣ ረቡዕ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስንጥቅ አይቻለሁ። ሁለት ጊዜ በመስተዋት አየሁት። አልጻፍኩም። ምንም ያልኩት ፈርቼ ነው።" ከሥሩ በቀዩ እርሳስ ቀኑንና ስሜን ጽፌ ለአደም ሰጠሁት።

አደም የሄደው በመኪና፣ በሞያሌ በኩል ነበር፤ መንገዱ በዝናብ ተቆርጦ ብዙ ቀን ዘገየ። ሲደርስ ቤታቸው ድንኳን ተተክሎ አገኘ። ደብዳቤዬን እንደታሸገ መልሶ አመጣልኝ። እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም፤ የግድግዳ ሰዓቱ ካርቶን ውስጥ ነው ያለው።